የልጄ ሽንት የሥጋ እጣቢ የመሰለ ጊዜ

ጥቅምት 2016 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። የ7 ዓመት ልጄ ከሽንት ቤት እየሮጠ ወጣና «እማ፣ ሽንቴ ኮካ ሆነ» አለኝ። ጨዋታ መስሎኝ ሄጄ አየሁ። ሥጋ ሲታጠብ የሚወጣውን ውሃ ታውቁታላችሁ? ቀይም ቡናማም ያልሆነ፣ ደፍረስ ያለ። ልክ እሱን ይመስል ነበር። እጄ ተንቀጠቀጠ።

ትንሽ ቆይቼ ግን ተረጋጋሁ። ዓርብ የጾም ምሳችን ላይ ቀይ ስር ነበር፤ ልጄ ደግሞ ቀይ ስር ይወዳል። «እሱ ነው» አልኩ። እሑድም ያው ቀለም ነበር፤ እሑድም «እሱ ነው» አልኩ። የቀይ ስር ቀለም በአንድ ቀን፣ ቢበዛ በሁለት ቀን ጠርቶ መሄድ አለበት። አንድ ቀን መጠበቄ አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ ሁለተኛውን ቀን ምክንያት እየፈለግሁ ማሳለፌ ነው።

ይህን የምጽፈው ያኔ «የልጅ ሽንት ደም» ብዬ ስፈልግ በአማርኛ የረባ ነገር ስላላገኘሁ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ግን በስድስት ቀን ውስጥ የሠራኋቸው ስህተቶች ልጄን ሊያሳጡኝ ነበር፤ ሌላ እናት እንድትደግማቸው አልፈልግም።

ሰኞ ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ወሰድኩት። ሽንት ሰጠ፤ ውጤቱ በግማሽ ሰዓት ደረሰ። «ኢንፌክሽን ነው» ተባልኩና አንቲባዮቲክ ተጻፈልኝ። ሆዱን የነካው፣ ግፊቱን የለካው፣ ከዚህ በፊት ምን አሞት እንደነበር የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ወረቀቱ ላይ ግን ከደሙ በታች «ፕሮቲን ++» የሚል መስመር ነበር። ያቺን መስመር ያነበብኳት ሐሙስ ሌሊት ነው።

ኢንፌክሽን ቢሆን ኖሮ ሊያቃጥለው፣ ቶሎ ቶሎ ሊያሸናው፣ ብዙ ጊዜም ሊያተኩሰው ይገባ ነበር። ልጄ አንዱም አልነበረውም። እንዲያውም ሽንቱ ቀንሶ ነበር። ይህን እኔ አይቻለሁ፤ ግን «የሚጠጣው ቢያንስ ነው» ብዬ አለፍኩት።

ሁለተኛውና ትልቁ ስህተቴ የመጣው ከዚሁ ነው። ኩላሊቱ ይታጠብለት ብዬ ውሃ በላይ በላዩ አጠጣሁት። የገብስ ውሃ አፍልቼ ሰጠሁት። ሰውነቱ ደክሟል ብዬ ኦአርኤስ በጥብጬ ጨመርኩለት፤ ኦአርኤስ ጨው እንዳለበት እያወቅሁ። ውሃው ይገባል፤ አይወጣም። የት እንደሚሄድ አላሰብኩም።

ማክሰኞ እናቴ ልትጠይቀው መጣች። ገና በር ላይ አይታው «እሰይ፣ ወፈረልሽ እኮ!» አለች። እውነትም ፊቱ ሞልቶ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ዓይኑ በግድ ነው የተከፈተው። እናቴ አሁን ሐሳቧን ቀየረችና «ምች ነው የመታው» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አሸተተችው። ከሰዓት በኋላ እብጠቱ ቀለለ። በቃ፣ ዳማከሴው ሠራ አልን። ጠዋት የሚብስና ከሰዓት የሚቀንስ የፊት እብጠት የኩላሊት ምልክት ሊሆን እንደሚችል አላወቅንም። ሌሊት ተኝቶ ውሃው ፊቱ ላይ ያርፋል፤ ቀን ሲቆም ወደ እግሩ ይወርዳል። እግሩን አላየንም፤ ካልሲ አድርጎ ነበር።

ሐሙስ ማታ ራሱን ያዘ። «ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው» እያለ አለቀሰ። ቤት የነበረውን ኢቡፕሮፌን ሽሮፕ ሰጠሁት። ይህ ሦስተኛው ስህተቴ ነው፤ የታመመ ኩላሊትን ይጎዳል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ አስታወከ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «እማ፣ ሁለት ሆነሽ ነው የምትታይኝ» አለኝ። አባቱ ራይድ ጠራ። ልጁን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ወጣን።

ድንገተኛ ክፍል ያገኘችን ተረኛ ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ሽንቱን ከማየቷ በፊት ፊቱን አየች። ካልሲውን አወለቀችና የቅልጥሙን አጥንት በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ጣቷን ስታነሳ ጉድጓዱ ቀረ። ሊጥ ላይ ጣት ሲያርፍ እንደሚሆነው። ከዚያ «የልጅ የግፊት መለኪያ አምጡልኝ» አለች። ሲስተሯ የአዋቂውን ይዛ ነበር፤ ሐኪሟ «አይሆንም» አለቻት። ለልጅ ክንድ የሰፋ ጨርቅ ግፊቱን አሳንሶ ነው የሚያሳየው። ትንሹ እስኪገኝ ጠበቅን። 152 በ104። ለሱ ዕድሜ 100 በ60 አካባቢ መሆን ነበረበት።

መርፌውንና መድኃኒቱን እያዘዘች ጥያቄ ጀመረች። ስድስት ቀን ሙሉ ማንም ያልጠየቀኝን፣ እኔም ራሴን ያልጠየቅሁትን ነው የጠየቀችኝ።

«ቀለሙ ምን ይመስላል? ቀይ ነው ወይስ የጠቆረ ሻይ?» ደማቅ ቀይ ከሆነ፣ የረጋ ደምም ካለበት፣ ብዙ ጊዜ ከፊኛ ወይም ከሽንት መተላለፊያው ነው አለችኝ። ሻይ፣ ኮካ ወይም የሥጋ እጣቢ ሲመስል ከኩላሊቱ ከራሱ የመምጣት ዕድሉ ሰፊ ነው። ደሙ መንገድ ላይ ይቆይና ይጠቁራል።

«ሲጀምር ነው፣ ሲጨርስ ነው፣ ወይስ ሙሉውን?» ሙሉውን ነው አልኳት።

«ያቃጥለዋል? ወድቆ ነበር? ጎኑን ተመቷል? ምን መድኃኒት ወስዷል? ከቤተሰብ ኩላሊት የታመመ ወይም በልጅነቱ ጆሮው የደነቆረ አለ?» የጆሮው ነገር አስገረመኝ። በዘር የሚተላለፍ፣ ኩላሊትንም ጆሮንም አብሮ የሚይዝ ሕመም አለ። እኛ ቤት የለም።

«ወንዝ ወይም ግድብ ዋኝቶ ያውቃል? ቆላ ሄዳችሁ ነበር?» አላውቅም እንዳልል አስቤ መለስኩ፤ አልሄደም።

ሆዱን በሁለት እጇ በቀስታ ዳሰሰች። ልጅ ሆዱ ላይ እብጠት ካለውና ሽንቱ ከደማ የኩላሊት ዕጢም ይፈራል። አልነበረውም። ትንፋሼ ተመለሰ።

ከዚያ የመጨረሻውን ጠየቀች። «ከሁለት ሦስት ሳምንት በፊት ጉሮሮውን አሞት ነበር? ወይስ ቆዳው ላይ ቁስል?»

ዝም አልኩ። አባቱ ነው የመለሰው። «ከመስቀል በኋላ ቶንሲል ይዞት ነበር።» እውነት ነው። ለሦስት ቀን አተኩሶት ነበር፤ ዝንጅብልና ማር እያፈላሁ ሰጠሁት፤ ለቀቀው፤ ትምህርት ቤት ሄደ፤ ረሳሁት። ያንን ጉሮሮ ከዚህ ሽንት ጋር የሚያገናኘው ነገር ይኖራል ብሎ ማን ያስባል?

ያገናኘዋል። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ሰውነት እሱን ሲዋጋ የሚፈጠረው ነገር የኩላሊቱ ወንፊት ላይ ያርፍና ያስቆጣዋል። ሐኪሟ ያስረዳችኝ እንዲህ ነው፦ ኩላሊት ወንፊት አለው። ወንፊቱ ሲቆጣ መቅረት ያለበት ደምና ፕሮቲን ያልፋል፤ ማለፍ ያለበት ውሃና ጨው ይቀራል። የቀረው ውሃ ሰውነትን ያሳብጣል፣ ግፊትንም ይሰቅላል። እኔ ደግሞ ከላይ እየሞላሁለት ነበር። ይህ የሚሆነው ጉሮሮው ከታመመ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት፣ በቆዳ ቁስል ከሆነ ደግሞ እስከ ስድስት ሳምንት ዘግይቶ ነው። ሽንቱ የጠቆረው ጉሮሮው በታመመ በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ቢሆን ኖሮ ሌላ ዓይነት የኩላሊት ሕመም እንደሚጠረጠር ነገረችኝ። ስለዚህ ቀኑን ማስታወስ ትልቅ ነገር ነው። ልጃችሁ ሲያተኩሰው ምኑን እንዳመመው፣ መቼ እንደሆነ ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ሁለት ቃል ይበቃል።

ጥርጣሬውን ያረጋገጠው ሽንቱ ነው። አዲስ ሽንት አስሸኑትና ወዲያው ላቦራቶሪ ገባ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቀይ የደም ሕዋሳት በኩላሊት ቱቦ ቅርጽ ተጋግረው ተገኙ። ይህ ደሙ ከኩላሊት እንጂ ከታች እንዳልሆነ የሚናገር ምስክር ነው። ሽንት ሲቆይ ግን ይህ ቅርጽ ይፈርሳል። ስለዚህ ከቤት በብልቃጥ ሞልታችሁ፣ ሰልፍ ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት ይዛችሁ አትስጡ። እዚያው ያሸናችሁትን፣ ሞቅ እንዳለ፣ በንጹሕ ዕቃ ስጡ። መጀመሪያ የሚወጣውን አሳልፋችሁ መሐሉን ያዙ።

የደሙ ምርመራም ተከተለ። ኤኤስኦ የሚባለው ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ስትሬፕቶኮከስ በቅርቡ እንደነበረ ያሳያል። ሲ-3 የሚባለው፣ ደም ውስጥ ያለ የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን፣ ወርዶ ነበር። ክሬቲኒኑ፣ ኩላሊት ከደም ሊያወጣው የሚገባው ቆሻሻ፣ ትንሽ ከፍ ብሏል። አልትራሳውንዱ ጠጠርም ዕጢም አላሳየም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ቀይ ሽንት ሁሉ ደም አይደለም። ከቀይ ስር ሌላ፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካናማ ቀይ ያደርጋል። በሌላ በኩል ሽንት ውስጥ የምትነከረው ወረቀት «ደም አለ» ብላ፣ በማይክሮስኮፕ ግን አንድም የደም ሕዋስ ላይገኝ ይችላል፤ በከባድ ወባ ደም ሲፈርስ ወይም ጡንቻ ክፉኛ ሲጎዳ እንዲህ ይሆናል። ስለዚህ በወረቀቷ ብቻ አትመለሱ፤ «በማይክሮስኮፕ ታይቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ፕሮቲን ስንት እንደሆነም ጠይቁ። ደምና ፕሮቲን አብረው ከታዩ «ኢንፌክሽን ነው» ተብላችሁ ብቻ ወደ ቤት አትሂዱ፤ ግፊቱ ይለካ በሉ። ማሳፈር የለበትም። እኔ ዝም በማለቴ ነው እዚህ የደረስኩት።

ስምንት ቀን ተኛን። የሚያስሸና መድኃኒትና የግፊት መድኃኒት ጀመረ። ጉሮሮው ውስጥ የቀረ ባክቴሪያ ካለ ብለው ፔኒሲሊንም ሰጡት። ውሃ ተለካ፤ ትናንት የሸናውን ያህልና ትንሽ ጭማሪ ብቻ። «እማ ጠማኝ» ሲል ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ እያራስኩ ነው ያሳለፍኩት። ከሕመሙ ሁሉ ያ ከብዶኛል።

ሥራዬ ሽንቱን መለካት ነበር። የሃይላንድ ላስቲክ አፉን ቆርጬ፣ ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አሰመርኩበት። ለሱ ክብደት፣ ለ22 ኪሎ፣ በቀን ግማሽ ሊትር ገደማ ይጠበቃል። የመጀመሪያው ቀን ከሲኒ ብዙም አላለፈም። ሲስተሯ ለልጁ የቀለም ስም አስተማረችው፦ ኮካ፣ ሻይ፣ ገለባ። «ገለባ ሲሆን ቤትህ ትሄዳለህ» አለችው። በየጠዋቱ ሃይላንዱን ወደ መስኮቱ አንስቶ ያያል። «ኮካ።» «ኮካ።» በአምስተኛው ቀን ሽንቱ ሃይላንዱን አልፎ ፈሰሰ። «ሻይ!» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ ሙሉ እናት እልል አለች። ሲገባ 24 ኪሎ ተኩል የነበረው ልጅ ሲወጣ 21 ከ800 ነበር። ያ ሁሉ «ውፍረት» ውሃ ነበር።

አጠገባችን የተኛችው የ5 ዓመት ልጅ ጉሮሮዋን አሟት አያውቅም። እሷን የያዛት ከእከክ ነው። እግሯን ስታክ ቆሰለ፣ ቁስሉ መገለ፣ ከወር በኋላ ፊቷ አበጠ። እናትየው ቁስሉን በቅባት ስታሽ ከርማለች። የልጅ ቆዳ ቁስል ሲመግል ቀላል አድርጋችሁ አትዩት።

በክትትል ቀን ሰልፍ ላይ ደግሞ ከአፋር፣ ከአዋሽ ዳር፣ የመጣ የ12 ዓመት ልጅ አገኘን። የሱ ሽንት ሲጀምር ንጹሕ ነው፤ ሲጨርስ ጠብታው ደም ይሆናል። ፊቱ አላበጠም፣ ግፊቱ ደህና ነው። ቢልሃርዚያ ነበር። ከውሃ በቆዳ የሚገባ፣ ፊኛ ላይ የሚቀመጥ ትል። የኛ ሐኪም ስለ ወንዝ ለምን እንደጠየቀችኝ ያን ቀን ገባኝ። የሱን ሽንት የወሰዱት እኩለ ቀን አካባቢ ነው፤ ዕንቁላሉ በብዛት የሚወጣው ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ስለሆነ። በማለዳ ቢወስዱት ሊያመልጥ ይችል ነበር። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ በክብደቱ ተመዝኖ ይሰጣል። ሁለቱም ልጆች «ሽንቱ ደም ሆነ» ተብለው ነው የመጡት። የኔ ልጅ የሱን መድኃኒት ቢወስድ፣ እሱ የኔን ልጅ መድኃኒት ቢወስድ ምን ሊሆን ነበር?

ቤት ስንመለስ ጨው የለም ተባልን። ቀላል መሰለኝ፤ ወጥ ላይ አልጨምርም፣ አለቀ። ሲስተሯ ግን «ሽሮሽ ውስጥስ?» አለችኝ። ቆም አልኩ። ሽሮው ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል። በርበሬው ሲደለዝም እንዲሁ። የዳቦ ቤት ዳቦ ጨው አለው፣ በላስቲክ የታሸገው ቺፕስማ አይወራም። እናቴ ባቄላና ሽምብራ ቆልታ ለብቻው ያለጨው ሽሮ አስፈጨችለት፤ ማሰሮው ላይ ስሙን ጻፈችበት። እኔ ምስር አልጫ በእርድ፣ በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ እሠራለሁ። ሎሚ ይረዳል፤ ምላስን ያታልላል። እኛም ከሱ ጋር አብረን ያለጨው በላን፤ ለብቻው ሲሆን ይከፋዋል። ግፊቱ ያለመድኃኒት ደህና እስኪሆን ድረስ፣ ስድስት ሳምንት ያህል ቆየን። ለራስ ምታትና ለትኩሳት ከዚያ ወዲህ ፓራሲታሞል ብቻ ነው የምሰጠው፤ ከዚያ ሌላ ከሆነ ሐኪሙን እጠይቃለሁ።

በስምንተኛው ሳምንት ሲ-3 ወደ ቦታው ተመለሰ። ይህን ምርመራ አትዝለሉት። ልጁ እየሮጠ፣ እየሳቀ ስታዩ «ምን ያደርጋል» ያሰኛል፤ ግን ሲ-3 ወርዶ ከቀረ ሕመሙ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ከኩላሊቱ ቁራጭ ተወስዶ እስከመመርመርም ይደርሳል።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም አስቀድሞ ስላልነገረኝ ብዙ አስለቅሶኛል። ሽንቱ በዓይን ጠርቶ እያለ በማይክሮስኮፕ ደም መታየቱ ይቀጥላል። ሦስት ወር፣ ስድስት ወር፣ ባንዳንድ ልጅ ዓመትም ሊያልፍ ይችላል። እኔ በየውጤቱ «ተመለሰበት» እያልኩ ተሰቃየሁ። ፕሮቲኑ ከጠፋ፣ ግፊቱና ክሬቲኒኑ ደህና ከሆነ፣ ይህ ቀሪ ደም ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው። አብዛኞቹ ልጆች ሙሉ በሙሉ ይድናሉ።

ስለ ጉሮሮውም ጠይቄአት ነበር። «በጊዜው አንቲባዮቲክ ብሰጠው ኖሮ ይድን ነበር?» አልኳት። «ኩላሊቱን ላያድን ይችላል» አለችኝ፤ «ግን ይኸው ባክቴሪያ ልብንም ይመታል፤ መድኃኒቱ ያንን ይከላከላል።» ከዚያ ወዲህ ጉሮሮ ሲታመም አስመረምራለሁ፤ ከታዘዘም እስከመጨረሻው አስጨርሳለሁ። ማሩንና ዝንጅብሉን አልተውኩም፤ እሱም ይሰጣል፣ ምርመራውም አለ።

ዛሬ ልጃችሁ ሽንቱ ቀይ ከሆነባችሁ፣ በነጭ ዕቃ አሸኑትና በቀን ብርሃን ፎቶ አንሱት። ሐኪም ጋ ስትደርሱ ሽንቱ ጠርቶ ሊሆን ይችላል፤ ፎቶው ግን ይናገራል። ጠዋት ፊቱን እዩ፣ ካልሲውን አውልቁ። ሽንቱ ከቀነሰ፣ ራሱን ካመመው፣ ካስታወከ፣ ዓይኑ ከጋረደው ወይም እንደሚጥል በሽታ ካንቀጠቀጠው ሌሊትም ይሁን ውጡ። እስከዚያው ውሃ በግድ አታጠጡት።

ሰኔ ላይ የመጨረሻው ውጤት መጣ። ደም የለም፣ ፕሮቲን የለም፣ ግፊቱ 98 በ60። በዓመት አንድ ጊዜ ግፊቱንና ሽንቱን ማየት ብቻ ቀረን። እሱ ግን ልማዱን አልተወም። አሁንም ውሃ ከመልቀቁ በፊት ከሽንት ቤት ይጣራል፤ «እማ፣ ነይ እይ፣ ገለባ ነው!» እኔም የያዝኩትን ጥዬ ሄጄ አያለሁ።